ጉንፋንና አሞክሳሲሊን አይተዋወቁም

ደብረ ብርሃን ላይ የጥር ውርጭ ሲገባ የማያስል ሰው ብርቅ ነው። እኔም ጉንፋኔን ይዤ አንድ መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የነበሩት ጋቢ የደረቡ አባት «አስር ፍሬ አሞክሳሲሊን» አሉ።

«አባባ፣ የሐኪም ወረቀት አለዎት?»

«ለጉንፋን ደግሞ ምን ወረቀት!»

ልጅቷ ቆጥራ ሰጠቻቸው። አልፈርድባቸውም። እኔም መሳቢያዬ ውስጥ ካምና የተረፈ ሁለት ፍሬ አለኝ።

ግን ብሩ በከንቱ ነው የሄደው። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን ደግሞ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት መንዝ፣ ባና ወደሚሠራ ሸማኔ ቤት እንሂድ። ሸማኔው መሸመኛ አለው፣ የተፈተለ የበግ ጠጉር አለው፣ ጉልበት አለው። አንድ እንግዳ ባዶ እጁን ይመጣል። ያለው ንድፍ የተሳለባት ቁራጭ ወረቀት ብቻ ናት። ሸማኔው የራሱን ሥራ ትቶ የእንግዳውን ንድፍ ሲሸምን ያድራል። ቫይረስ ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ ከመሸመኛው የሚወጣው ባና ሳይሆን ሌላ መቶ እንግዳ መሆኑ ነው።

ቫይረስ አይበላም፣ አይተነፍስም። ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦዞም የለውም፤ የሚሠራው በእኛ ሴል ራይቦዞም ነው። ብልጠቱ ደግሞ ያስቀናል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የእኛ ሴል የሚልካቸውን መልእክቶች ጫፍ ቆርጦ በራሱ መልእክት ላይ ይቀጥላል። ከሰው ደብዳቤ ላይ የቀበሌ ማህተም ቆርጦ በራሱ ላይ እንደመለጠፍ በሉት። ራይቦዞሙ ማህተሙን አይቶ ይቀበላል።

አሞክሳሲሊን የሚያደናቅፈው የባክቴሪያን ግድግዳ ግንባታ ነው። ባክቴሪያ የራሱ ቤት አለው። ቫይረስ ግድግዳ የለውም፤ የገባው እኛ ቤት ነው። በመሣሪያችን ስለሚሠራ እሱን መምታት እኛንም ሊጎዳ ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒቶች የተሳካላቸው ቫይረሱ ራሱ ይዟቸው የሚመጣ መሣሪያዎች ስላሉት ነው። ዋናው የእሱ ንድፍ የተጻፈበትን አርኤንኤ የእኛ ንድፍ ወደተጻፈበት ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም ነው።

ጉንፋን ላይ ሳንባ ምች ከተደረበ፣ ሕፃን ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሐኪም ጋ መሄድ ግድ ነው።

በ1911 የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አገሩን ሲፈጅ ቫይረሱን ለይቶ ያወቀ አልነበረም። ሰዉ ቆሻሻ አቃጠለ፣ እኛም እስከ ዛሬ ኅዳር 12 እናጥናለን። እነሱ ሳያውቁ ነው። እኛ እያወቅን ያለ ወረቀት እንሸጣለን፣ እንገዛለን፤ በየሆዳችን ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ መድኃኒቱን ይለማመዱታል። እኔ ጥፋቱን ከገዢው ይልቅ ሻጩ ላይ አበዛዋለሁ። ጠይቆ መልሱን የማይሰማ ከሆነ ባይጠይቅስ?

ተራዬ ደረሰ። «ፓራሲታሞል» አልኳት።

«አሞክሳሲሊንስ አልጨምርልህም?»