ፒአይዲን ያልናቀ ፕሮፌሰር

እዚህ ስዊድን ፕሮፌሰር በስሙ ይጠራል፤ «ካርል ዮሃን» ብለው ይጨርሱታል። እኛ ዘንድ «ፕሮፌሰር» የምትለዋ ካልቀደመች ደብዳቤውም አይከፈት። ይሄስ ይለመዳል። የማይለመደው ሰውየው ዕድሜውን ምን ላይ እንዳዋለ ማየት ነው።

ካርል ዮሃን ኦስትሮም በ1960 እ.ኤ.አ. ዶክትሬቱን ስቶክሆልም እንደያዘ ቶሎ ወንበር ላይ አልተሰየመም። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ገባ፤ በቢለሩድ የወረቀት ፋብሪካ ማሽኑን በኮምፒውተር የመቆጣጠር ሥራ ላይ ዋለ። እዚያ ያገኙት ቁም ነገር ገንዘብ ነው። የወረቀቱ እርጥበት ከጣሪያው ማለፍ የለበትም እንበል። ልኬቱ ሁለት ነጥብ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ ዒላማው ከጣሪያው ሁለት ነጥብ ዝቅ ይላል፤ ወረቀቱ ያለ ልክ ይደርቃል፣ እንፋሎት ይባክናል። መዋዠቁን ወደ አንድ ነጥብ ካወረዱት ዒላማው አንድ ነጥብ ከፍ ይላል። ሂሳቡ ይሄው ነው።

በ1965 ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የአውቶማቲክ ቁጥጥር ፕሮፌሰር ሆነ። በ1973 ከባልደረባው ቪተንማርክ ጋር ራሱን የሚያስተካክል ተቆጣጣሪ ላይ ያወጡት ጽሑፍ ዓለም አወቀው። ከዚያ ወዴት ሄደ? ወደ ፒአይዲ! ስህተቱን በመጠኑ (ጌይን)፣ በጥርቅሙ (ኢንቴግራል) እና በለውጡ ፍጥነት (ዴሪቬቲቭ) እያየ የሚያርም ተራ ተቆጣጣሪ ነው። አገር ቤት ተማሪ የቁጥጥር ትምህርቱን ስሌትና ሥዕል፣ ላፕላሱን፣ ሩት ሎከሱን፣ ቦዴ ፕሎቱን በእርሳስ ሲስል ከርሞ፣ ለፈተና ሲጣደፍ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልፋት ያቺው ፒአይዲ።

ከባልደረባው ሄግሉንድ ጋር በ1984 ያቀረቡት የፒአይዲ ማስተካከያ ዘዴ ለማንም አይከብድም። የእንፋሎት ቫልቩ 50 በመቶ ላይ ሲረጋ ተቆጣጣሪውን ሁለት ትእዛዝ ብቻ በሚያውቅ ማብሪያ፣ በሪሌይ ይተኩታል፤ ሙቀቱ ከዒላማው ሲያንስ 55፣ ሲበልጥ 45። ሙቀቱ መወዛወዝ ይጀምራል። ውዝዋዜው በ2 ዲግሪ ከፍና ዝቅ ካለ፣ 4 ሲባዛ 5 (የቫልቩ እርምጃ) ለ3.14 ሲባዛ 2 ሲካፈል 3.2 ገደማ ይሰጣል፤ ሂደቱን መወዛወዝ ጫፍ ላይ የሚያደርሰው ጌይን ይህ ነው። አንዱ ዙር 80 ሰከንድ ከፈጀ፣ በዚግለርና ኒኮልስ የማስተካከያ ደንብ የፒአይዲው ጌይን የዚያ 0.6 እጅ፣ ማለትም 1.9፣ ኢንቴግራሉ 40፣ ዴሪቬቲቩ 10 ሰከንድ ይሆናል። ይህ ደንብ ግልፍተኛ ስለሆነ ጌይኑን በግማሽ መቀነስ ይሻላል። የሴንሰሩ ንባብ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሪሌዩ በትንሹ እንዳይገለባበጥ ህዳግ ይሰጠዋል፤ ዴሪቬቲቩም ቢቀር አይጎዳም፣ ንቅጥቃጤውን አባዝቶ ቫልቩን ያስጨፍረዋልና።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቫልቩን! ማኑዋል ላይ አድርጎ በ1 በመቶ፣ በ1 በመቶ መግፋት። እስከ 3 በመቶ ዝም ብሎ ድንገት ከዘለለ የቫልቩ ግንድ ማሸጊያ ከልክ በላይ ጠብቋል ወይም ግንዱ ዝጓል። ኢንቴግራሉ ሲጠራቀም፣ ቫልቩ ሲዘል፣ ሂደቱ ሲዋዥቅ ይኖራል። ይህን የትኛውም ቀመር አያድነው፤ መፍቻና ቅባት ነው የሚያድነው።

እዚህ ለዚህ ዓይነት ሥራ የከፈሉት ዕድሜ ቀርቶባቸው ይሆን? ሰውየው በ1993 የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበሩን፣ የአይትሪፕልኢን የክብር ሜዳይ ተሸለመ። እኛ ዘንድ ለማዕረግ የሚቆጠረው የመጽሔት ጽሑፍ ነው፤ የትኛውን ፋብሪካ የትኛውን ቫልቭ አስተካከልክ ብሎ ማን ይጠይቃል? ኦፕሬተሩ ቁልፉን ማኑዋል ላይ አድርጎ እንፋሎቱን በእጁ ያዞራል። ጥናቱ በተገለበጠ ፔንዱለም ላይ የፈዚ ተቆጣጣሪ ነው፤ ፔንዱለሙም ያለው ማትላብ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ።