ቬነስ ላይ ቤት ለሚፈልግ

የቤት ደላላ ቬነስን ቢያከራይ አንድም ውሸት አያስፈልገውም። አጥቢያ ኮከብ የምንላት እሷው ናት። ንጋት ላይ ቦግ ስትል በጣቱ ያሳይሃል።

«ወንድሜ፣ ይቺን አየሃት? ጎረቤት ናት። ስትቀርብ 40 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእሷ የሚቀርበን ፕላኔት የለም። ስፋቷ ከእኛዋ ጋር ያው በለው። የመሬት ከዳር እዳር 12,756 ኪሎ ሜትር ነው፣ የእሷ 12,104። እዚህ 70 ኪሎ የምትመዝን ሰውዬ እዚያ 63 ትገባለህ። ጂም ምን ያደርግልሃል? ብርድ የሚባል የለም። ዝናቡም መሬት ሳይደርስ ይተናል፤ ጭቃ አታይም! ደግሞ ተከራይ ገብቶባት አያውቅም።»

ሁሉም እውነት ነው። ያልጠየቅከውን ግን ደላላ አይነግርህም።

ብርድ የሌለው ሙቀቱ 465 ዲግሪ ስለሆነ ነው። ዚንክ ይቀልጣል። ሜርኩሪ ለፀሐይ ይበልጥ ትቀርባለች፤ ሆኖም ቬነስ ትብሳለች። አየሯ 96 ከመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የገባውን ሙቀት አፍኖ አያስወጣም። ያ መሬት የማይደርሰው ዝናብ ደግሞ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። የአየሩ ግፊት የእኛ 90 እጥፍ ነው። ኪሎህ ቀነሰ ብለህ ሳትደሰት ጨፍልቆ ይጨርስሃል።

እሺ፣ ሁሉንም ቻልክ እንበል። ውሉስ? የቬነስ ዓመት 225 የኛ ቀን ነው። ከአንዱ ንጋት እስከ ቀጣዩ ደግሞ 117 ቀን። ሁለት ጊዜ ሳይነጋልህ አከራይዋ እትዬ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ዓመት ሞላ፤ ኑሮው ተወዷል» ይሉሃል። ቧንቧው ፈሰሰ ስትላቸው ግን «ነገ ይሠራል» ነው። ነገ ማለት 117 ቀን። በዚህ በኩል እንኳ ከአዲስ አበባ የመጣ ተከራይ ብዙ አይቸገርም።

ደላላው ይሄንንም ያሳምረዋል። «ሁዳዴን በአንድ ቀን ጾመህ ትገላገላለህ!» ልክ ነው። ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ 58 ቀን ገደማ ነው፤ 55ቱ ቀን ተጾሞ ፋሲካውም በዚያው ፀሐይ ይበላል።

ፀሐይዋ የምትወጣው በምዕራብ ነው፤ ቬነስ የምትሽከረከረው ወደ ኋላ ነውና። «ፀሐይ በምዕራብ ካልወጣች አልታረቀውም» ብለህ የማልክ ከሆነ እዚያ ሽማግሌ ይላክብሃል። ደመናው ስለሚጋርዳት ግን «የታለች?» ብለህ መከራከር ትችላለህ።

«ገብቶ ያየ አለ?» ብትለው መልስ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ1982 የሶቪየቷ ቬኔራ 13 አርፋበታለች። 32 ደቂቃ ብትቆይ ይበቃል ተብላ የተላከች መንኮራኩር 127 ደቂቃ ቆየች፤ የቀለም ፎቶም ላከች። ከዚያ ወዲህ ከእሷ በላይ የቆየ እንግዳ የለም። እኛ ሰፈር በ127 ደቂቃ ቡናው ተቆልቶ፣ አቦልና ቶናው ተጠጥቶ፣ ስንት ሰው ይታማል። በረካው ሳይቀዳ እንግዳዋ ትሞታለች።

ይሄን ሁሉ ነግረኸው ደላላው አይደነግጥም። «ካልተስማማችህ ተዋት። ማርስ ላይ ባለ ሁለት ጨረቃ አለኝ።»