የሲፋንን ጨምረህ ነው?

እሑድ ነሐሴ 5 ቀን 2016፣ ሮተርዳም፣ ሆላንድ። የፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ማራቶን ሊያልቅ ጥቂት ሜትር ቀርቶታል። ጀበናው ገንፍሎ ምድጃውን አበላሽቶታል፣ ዞር ብሎ የሚያየው ግን የለም። መታጠፊያው ላይ የእኛዋ ትዕግስት አሰፋና ለሆላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ተገፋፉ። ሲፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ ገባች። ባለቤቴ «ገፋቻት እኮ!» ብላ ጮኸች። ከግድግዳው ማዶ ጎረቤታችን ቤቱን በጭብጨባ አናጋችው።

ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ተገናኘን። «የእናንተም ልጅ አይደለች እንዴ? እንኳን ደስ አላችሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሲፋን አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ ነው በስደት እዚህ የገባችው። ግን ምን ይባላል? የኢትዮጵያ ቡድን አቤቱታ አስገብቶ ውድቅ ተደርጎበታል። «አመሰግናለሁ» አልኩና የቆሻሻ ከረጢቴን ይዤ ወረድኩ።

ማታ የሜዳሊያ ሰንጠረዡን ከፈትኩ። ሆላንድ 15 ወርቅ፣ በድምሩ 34፣ 6ኛ። ኢትዮጵያ 1 ወርቅና 3 ብር፣ 47ኛ። 18 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር እኛን እንዲህ ርቃ ሄዳለች። ስልኬ ላይ ብሶቱ ጎርፍ ነው።

እኔም ተናድጃለሁ። ግን ፓሪስ ላይ 329 ውድድር ነበር። እኛ የምር ሜዳሊያ የምንጠብቀው ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን ነው፤ መሰናክሉን ጨምሮ፣ ወንድና ሴት አንድ ላይ 12 ውድድር። በዚያ ላይ ከአንድ አገር በአንድ ርቀት ከሦስት ሰው በላይ አይሰለፍም። አራተኛዋ የዓለም ፈጣን ብትሆንም ቤቷ ቁጭ ብላ ታያለች። በዋና ግን ፈረንሳዊው ሊዮን ማርሻን ብቻውን 4 ወርቅ አፍሷል። የረጅም ርቀት ሯጭ ሁለት ካገኘ ተአምር ነው። እስካሁን በኦሊምፒክ ያገኘናቸው 62 ሜዳሊያዎች በሙሉ የአትሌቲክስ ናቸው። አንድ በር፣ እሱም ጠባብ።

እነዚህ ሆላንዶች ግን በሩ በዝቶላቸዋል። ቀዘፋ፣ ብስክሌት፣ የሸራ ጀልባ፣ ሆኪ በወንድም በሴትም። ልጄ ዋና ስትፈተን አይቼ ነው የገባኝ። ሱሪዋንና ጫማዋን እንዳደረገች ገንዳው ውስጥ ዝለይ ተባለች። አገሩ ቦይ ብቻ ስለሆነ ድንገት ብትወድቂ ነው ነገሩ። ስለ ሜዳሊያ ያነሳ ሰው የለም። የሆኪ ክለቧ ውስጥ ደግሞ ቡና የሚሸጡት ወላጆች ናቸው፣ በተራ። የኔ ተራ ሲደርስ ዝናብ ይዘንባል። ሁልጊዜ።

ደግሞ ሰንጠረዡ ራሱ ጉደኛ ነው። ሕንድ ፓሪስ ላይ 6 ሜዳሊያ ወስዳ ወርቅ ስላልነበራት፣ አንዲት ወርቅ ብቻ ካላት ፓኪስታን በታች ናት። አሜሪካና ቻይና እኩል 40 ወርቅ አግኝተው የለያቸው ብር ነው። አሜሪካኖቹ ግን ድሮም ጠቅላላ ድምሩን መቁጠር ይወዳሉ፣ 126 ለ91 ደስ ይላላ! እኔ ደግሞ በከተማ መቁጠር አምሮኛል። የበቆጂዎቹ ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ በድምሩ 9 የኦሊምፒክ ወርቅ አላቸው። ሕንድ በታሪኳ ሙሉ 10 ነው ያላት። እስቲ በቆጂን ለብቻዋ ሰንጠረዡ ላይ አስገቧት።

ይህን ስደምር እናቴ ደወለች።

«ስንት አገኘን?»

«አራት።»

ትንሽ ዝም አለች።

«የሲፋንን ጨምረህ ነው?»