የዋለ ጡት አይበላሽም

እህቶች፣ ከሥራ ለሚገቡ እናቶች የሚሰጥ አንድ ምክር ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ፀሐይ የመታው፣ ቀኑን ሙሉ የዋለ ጡት ልጅ ያስቀምጣል፤ መጀመሪያ አልበሽ ድፊው፣ ትንሽ አርፈሽ አጥቢ ይላል። ከፍቅር የመጣ ምክር እንደሆነ ይገባኛል፣ እናቴም ትለኝ ነበር። ግን ልክ አይደለም።

ጡት ውስጥ ያለ ወተት አይበላሽም። የባሕር ዳር ፀሐይ የቱንም ያህል ቢከር የጤነኛ ሰው ሰውነት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቆየው፣ ወተቱም ዕቃ ላይ ተቀድቶ የዋለ አይደለም፣ ልጁ ሲጠባም አዲስ ይመረታል። የሚበላሽበት ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ከታለበ በኋላ ነው። እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ እስከ 4 ቀን ይቆያል። በሚያዝያ ሙቀት እንግዲህ ከታለበ ወዲያው ፍሪጅ ነው።

እኔ ምክሩን አምኜ ብዙ ከፍያለሁ። 12 ሰዓት ላይ ከዓባይ ማዶ በባጃጅ እገባለሁ፣ ልጄ ድምፄን ሰምታ ታለቅሳለች፣ እኔ ጓዳ ቆሜ ሲኒ ላይ አልባለሁ። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ! የምደፋው ደግሞ በማግስቱ ሞግዚቷ ልትሰጣት የምትችለው ምግቧ ነበር።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ስትገቡ ትንሽ ንጹሕ ብርጭቆ ላይ አልባችሁ አሽትቱት፣ ቅመሱት። በ6ኛው፣ በ10ኛው ወይም በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ስትሄዱም ነርሷን ጠይቋት።

ከዚያ ማታ ስትገቡ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ አጥቡ።