ውዳሴ «ዳር ያዝ!»

ወሎ በአራት ቅኝት ይታወቃል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። አምስተኛውን የጨመሩልን ባለሚኒባሶች ናቸው። ግጥሙ ሁለት ቃል ነው፤ «ዳር ያዝ!» ዜማው በክላክስ ይወጣል፣ ተቀባዩ ረዳቱ ነው፣ በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ። ኮምቦልቻ ጠዋት ሽፍት በሚገባበት ሰዓት ዋናው አስፋልት ላይ አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው በነጻ ይሰማዋል። ሳይክል ላይ ለወጣ ሁሉ፣ ለፋብሪካ ሠራተኛውም ለተማሪውም፣ ሳይዳላ ይዘፈናል። ደግ አገር አይደል፤ «የኔ ሸጋ» ብሎ ጀምሮ «ዳር ያዝ እንጂ!» ብሎ ይጨርሳል።

ይህን ውለታ የሚያጣጥሉ አልጠፉም። እኛ ግን ዳርን እናመስግን።

ዳር ባዶ የሚመስለው ካለ ጎንበስ ብሎ ይመልከት። ከጠርዙ ድንጋይ እስከ ግማሽ ሜትር ድረስ የመንገዱ ሀብት ሁሉ የተከማቸው እዚያ ነው። መሀሉን የመኪና ጎማ ስለሚጠርገው አሸዋው፣ የጠርሙስ ስባሪው፣ ሚስማሩ፣ ከሲኖትራክ የተንጠባጠበው ጠጠር እየተገፋ ወደ ዳር ይመጣል። ጎሚስታዎች ለዚህ ቦታ ምርቃት አይነፍጉም። ከዚያ የፍሳሽ ክዳኑ አለ። የክዳኑ ብረቶች በመንገዱ አቅጣጫ የተደረደሩ ከሆነና ክፍተታቸው ሦስት አራት ሴንቲ ከሆነ፣ ቀጭን ጎማ ያለው ሳይክል ተለክቶ የተሠራለት ይመስል ስምጥ ይላል። የፊት ጎማው ሲገባ ሳይክሉ ይቆማል። ሰውዬው አይቆምም፤ በመሪው ላይ አልፎ መንገዱን ይቀጥላል። ጎማው አምስት ሴንቲ የሚሰፋ የተራራ ሳይክል ያለው ሰው ከዚህ ጸጋ ሊጎድል ይችላል። ቅር አይበለው፤ ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ለሁሉም ይበቃል።

ቀጥሎ በር። ዳር የያዘ ሰው ሁለት ዓይነት በር ተዘጋጅቶለታል። ጥግ ይዞ የቆመን መኪና ታክኮ ሲያልፍ የሾፌሩ በር ይጠብቀዋል፤ የቤት መኪና በር ሲበረገድ አንድ ሜትር ያህል አስፋልት ይይዛል። በቆመ ሚኒባስና በጠርዙ መሀል ሲሾልክ ደግሞ ተንሸራታቹ በር አለ። እሱ እንኳ በሩ አይመታም፤ የሚመታው ከነዘንቢሉ ዘሎ የሚወርደው ተሳፋሪ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳይክል በሰከንድ ከአምስት ሜትር በላይ ይጓዛል። ሰው ደግሞ ነገሩን አይቶ ጣቱን ፍሬኑ ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። እንግዲህ በሩ ሲከፈት አምስት ሜትር ላይ የደረሰ ባለሳይክል ፍሬን በመፈለግ አይደክምም ማለት ነው። ሾፌሩ በሩን በቀኝ እጁ ቢከፍት ኖሮ ትከሻው ይዞርና ዓይኑ ሳይወድ በግዱ ወደ ኋላ ያይ ነበር። ግን ለአንድ ሳይክል ብሎ አንገቱን ያጣምም? በቅርቡ እጅ፣ በግራው፣ ወለል ማድረግ ነው።

ይህን ሁሉ ድግስ ረግጠው የሚያልፉ እብሪተኞች አሉ። ምልክታቸውን እንናገር፣ እንድታውቋቸው። እብሪተኛው ከቆመ መኪና ከአንድ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከጠርዙም ቢሆን 70 ሴንቲ ያህል አይቀርብም። በሁለት የቆሙ መኪኖች መሀል ባዶ ቦታ ሲያገኝ ገባ ብሎ ወጣ አይልም፤ ገብቶ ሲወጣ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር እንደ አዲስ ሰው ስለሚያየው፣ ቀጥ ብሎ መስመሩን ይጠብቃል። መንገዱ ጠብቦ መኪናና ሳይክል ጎን ለጎን የማያሳልፍ ሲሆን ይባስ ብሎ መሀል ይገባል። ከኋላው ያለው ሾፌር እዚህ ላይ መቅደም እንደማይቻል በግምት ሳይሆን በዓይኑ እንዲያየው ነው አሉ። ሲሰፋ ይለቅለታል። ከመታጠፉ በፊት ወደ ኋላ ዞሮ የሾፌሩን ዓይን ይፈልጋል፣ ከዚያ እጁን ይዘረጋል። ፍሬቻ እያለው ለማያበራ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ስድብ አለ?

ባጃጅንም አያምንም። ምእመኑ ባለሳይክል ባጃጅ ኋላ ተለጥፎ ሲሄድ፣ እብሪተኛው የሚያየው የእግረኛ መንገዱን ነው። እጅ ያነሳ ሰው ካለ ባጃጁ ሳያሳይ ወደ ቀኝ እንደሚቀዝፍና ቀጥ እንደሚል አውቆ ቀድሞ ፍጥነቱን ያበርዳል። ጥንቆላ ነው!

ተሳቢ ላይማ ጥርጣሬው ይብሳል። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚገባው ተሳቢ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ጠርዙን እየታከከ ያልፋል። ለዚህም ሾፌሩ መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ ያደርገዋል፣ በቀኝ በኩል የሚያምር ክፍት ቦታ ይታያል። ዳር አፍቃሪው ግብዣ መስሎት ይገባል። እብሪተኛው ግን «የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላየሁ እሱም አያየኝም» ብሎ ከኋላ ይገተራል።

ፈረንሳዮች ሳይክል የሚቀድም መኪና በከተማ 1 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 1.5 ሜትር ይራቅ ብለው ሕግ ጽፈዋል። ሜትር ይዞ መዞር የፈረንጅ ጣጣ ነው። የኛ ሾፌር በስፖኪዮው ክርን ነካ ካደረገ ርቀቱን ለካ ማለት ነው።

ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ዳር ሌላ ማዕረግ ያገኛል። ቁልቁለቱ 600 ሜትር ገደማ ነው፣ በክረምት ደግሞ ጭጋጉ አለ። ሃይማኖተኛው ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ጨብጦ ይወርዳል፤ ቸርኬው ይግላል፣ የፍሬኑ ላስቲክ ይሟሟል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው የጫማው ሶል ነው። እብሪተኛው ገና ሳይነሳ ሁለቱንም ፍሬን ይጨብጣል፤ እጀታው መሪውን ከነካ ካቦውን ያጠብቃል፣ ላስቲኩ ላይ ያለው ስንጥቅ ጠፍቶ ለስልሶ ከሆነ ይቀይራል። ሲወርድ ከጥምዝ በፊት ጠበቅ፣ ከዚያ ለቀቅ ያደርጋል፣ ቸርኬው እንዲቀዘቅዝ። ዝናብ ከመታው ደግሞ ፍሬኑ ውሃውን ጠርጎ እስኪይዝ ጊዜ ስለሚወስድበት ቀደም ብሎ ይጀምራል። ከኋላው ቀይ መብራት ማብራቱንስ ምን እንላለን? ታይታ።

የዳር ሊቅነት የመጨረሻው ማዕረግ የግራ ዳር ነው፤ ከሚመጣው መኪና ጋር ፊት ለፊት። «የሚመታኝን አየዋለሁ» ይላል ሊቁ። ያየዋል። ሳይክሉ በ20፣ መኪናው በ40 ቢሄዱ፣ በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑ የሚገናኙት በ20 ነው፤ ፊት ለፊት ሲሆን በ60። ከመጋቢ መንገድ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ሾፌር ደግሞ መኪና የሚጠብቀው ከግራው ስለሆነ፣ ሊቁ በቀኙ እየመጣ መሆኑን የሚያውቀው ኮፈኑ ላይ ሲያገኘው ነው።

ደሴ፣ ፒያሳ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት። አንዲት የቤት መኪና ጥግ ይዛ ቆማለች። እብሪተኛው ከኋላ ይመጣል፣ እንደ አመሉ ሜትር ከምናምን ርቆ። ሰውዬው ስልኩን በቀኝ እጁ ጆሮው ላይ ለጥፎ በሩን በግራው ብርግድ ያደርገዋል። በሩ አየር ይመታል። ባለሳይክሉ መስመሩን ሳይለቅ አልፎ ይሄዳል። ሰውዬው አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አሳርፎ፣ ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ፣ ከኋላው ይጣራል፤

«አንተ ልጅ! መንገዱ ያባትህ ነው? ዳር ያዝ!»