ክብሪቱን ወደ ኪሳችሁ መልሱ

ባለፈው ክረምት መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ከፊቴ አራት ሰው ቀድማኝ የቆመች ወጣት ድንገት ጮኸችና ተዘረረች። ሰልፉ ተበተነ። ግማሹ ሸሸ፣ ግማሹ ለማየት ከበበ። ከዚያ ያ የምታውቁት ድምፅ መጣ። «ክብሪት! ክብሪት ያለው ሰው!»

ሲጋራ መለኮሻ ሲፈለግ የሚጠፋው ክብሪት፣ ሰው ሲወድቅ ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ። ከሦስት ኪስ ወጣ። እየጫሩ እያጠፉ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዙላት። አንዲት ሴትዮ ለሃጯ እንዳይነካቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አሉ። አንዱ ጎረምሳ እንዳትንፈራገጥ ብሎ እግሯ ላይ ተቀመጠ። ሌላው በስልኩ ይቀርጻል። አንድ እግር ጫማዋ ወልቆ አስፋልቱ ላይ ቀረ። እኔስ? ቆሜ አየሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እጄ ንጹሕ ሆኖ አይደለም።

ወገኖቼ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ የምናደርገው ይህ ነገራችን ይብቃ።

ክብሪቱ ይሠራል የምትሉት ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ጭሱን ሲያሸቱት የነቃ ሰው አይታችኋላ። ግን አብዛኛው መንቀጥቀጥ በአንድ፣ በሁለት፣ ቢበዛ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ጊዜ ያቆማል። ክብሪት ፍለጋ ስትሯሯጡ ደቂቃዎቹ ያልቃሉ። ዝናብ ሊያባራ ሲል ደጅ ወጥቶ «እኔ ነኝ ያቆምኩት» የሚል ሰው ሆናችሁ ማለት ነው። ትንፋሽ ላጠረው ሰው የድኝ ጭስ መስጠት ምን የሚሉት እርዳታ ነው?

በሽታው በለሃጭ አይጋባም። የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አንጎል ውስጥ ይህ ኤሌክትሪክ አንዳንዴ ከልክ በላይ ይለቀቃል፤ ሰውነቱም ከትእዛዝ ውጭ ይሆናል። ነገሩ ይኸው ነው። ከለሃጭ ጋር ምን አገናኘው? የሚጋባውስ ጉንፋን ነበር። ከጉንፋናም ጋር ግን ጉንጭ ለጉንጭ እየተሳሳማችሁ ቡና ትጠጣላችሁ።

«ባሪያ ነው የጣለው» እያላችሁ በክፉ መንፈስ የምታሳብቡም አላችሁ። መንስኤው ከምታስቡት በላይ ቅርብ ነው። ታማሚው ምጥ በዝቶባት ቤት የቆየች እናት የወለደችው፣ ሲወለድ አየር ያጠረው ሕፃን ሊሆን ይችላል። ማጅራት ገትር፣ አንጎል ድረስ የዘለቀ ወባ፣ የመኪና አደጋ፣ ስትሮክ፣ ዕጢ፣ እነዚህ ሁሉ ያመጡታል። መርምረው ምክንያቱን የሚያጡበትም ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱ አልታወቀም ማለት ግን እርግማን ነው ማለት አይደለም።

በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ላይ ቤት ለቤት ዞረው ከ60 ሺህ በላይ ሰው አዩ። ከ1000 ሰው አምስቱ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ከእነዚህ ሕሙማን መካከል ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ከ100 ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ዘመኑ ተለውጧል፣ የነርቭ ሐኪምም አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀምረናል። አመላችን ግን እዚያው ቡታጅራ ቤት ለቤት ሲዞሩ ያገኙን ቦታ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልግባ። ልጃችሁ ሲጥላት ደበቃችኋት። ትዳር እንዳታጣ፣ የእህቶቿም ስም እንዳይበላሽ ብላችሁ ነው። ከትምህርት ቤት አስቀራችኋት። እሺ፣ የት አስቀመጣችኋት? ማዕድ ቤት! እንግዳ የማያያት፣ እሳት ያለበት እዚያ ነው። ምጣዱ ፊት ቁጭ ብላ እንጀራ ትጋግራለች፣ ወጥ ታማስላለች፣ ብቻዋን። ከዚያ አንድ ቀን ሲጥላት ምድጃው ላይ ትወድቃለች። እጃቸው ተጨማዶ የቀረ፣ ፊታቸው ጠባሳ የሆነ ወጣቶችን ስታዩ በሽታው እንዲህ ያደርጋል ትላላችሁ። በሽታው ጣላት እንጂ አላቃጠላትም። እሳት ፊት ያስቀመጣችኋት እናንተ ናችሁ። ምድጃውን ከፍ አድርጉ፣ ወይ አጥሩለት። ስትጋግር አጠገቧ ሰው ይኑር። ወንዝ ብቻዋን አትላኳት፤ ውኃም ከእሳት አይሻልም። ይህን ለማድረግ ደግሞ መጀመሪያ መደበቁን መተው አለባችሁ፣ ምክንያቱም የተደበቀ ሰው ጠባቂ የለውም።

የሚያናድደው መድኃኒት መኖሩ ነው። ፌኖባርቢታል የሚባለው ኪኒን ለዚህ በሽታ መዋል የጀመረው በፈረንጆቹ 1912 ነው። ከአያቶቻችን ጋር እኩያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ከ5 ዶላር በታች ሊሆን ይችላል። በትክክል ከታከሙ ከ100 ሕሙማን እስከ 70 የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ለአንድ ሰርግ የምናወጣውን አስቡትና ይህንን አስቡት።

«ጸበል ልንወስዳት ነው» ካላችሁ ውሰዷት። ቁርኣን እያስነበባችሁ ሩቅያ የምታስደርጉም አስደርጉ። እኔ ከእምነታችሁ ጋር ጠብ የለኝም። ኪኒኑን ግን ከቦርሳዋ አታውጡ። በድንገት ያቋረጠ ሰው ሳያቋርጥ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። «ስድስት ወር አልጣላትም፣ ድናለች» ብላችሁ መድኃኒቱን ያቆማችሁም ከዚህ አትለዩም። መድኃኒቱ ስለሠራ ነው ያልጣላት። ይቁም አይቁም የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይጥል ከቆየ በኋላ፣ ቀስ በቀስ እየቀነሰ። ልጅቱ ካገባችና መውለድ ካሰበች ደግሞ ሳታረግዝ በፊት ሐኪሟን ታማክር። ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት ጽንስን ይጎዳልና። ባልየውም ይወቅ። ተደብቆ የተገባ ትዳር ኪኒን መደበቂያ ሲፈልግ ይኖራል።

መምህራንም አላችሁ። በሽታው ሁሉንም አይጥልም። ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ድንገት ፍዝዝ ብሎ የሚመለስ፣ «የት ሄደህ ነው?» እየተባለ በኩርኩም የሚመታ ልጅ አለ። ከመምታታችሁ በፊት ወላጁን ጥሩ፣ ጤና ጣቢያ ይውሰደው።

ደግሞ መንገድ ላይ ሰው ሲወድቅ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ ሥራው ቀላል ነው። ሊመታው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ። ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ፍቱለት። አትጫኑት። ምላሱን ይውጣል ብላችሁ አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ፤ ምላስ አይዋጥም፣ ጥርስ ግን ይሰበራል። ውኃም አታጠጡት። መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት፣ ለሃጩ ወደ ውጭ ይፍሰስ። ሰዓታችሁን ተመልከቱ። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ጭንቅላቱ ከተጎዳ፣ ወደ ሆስፒታል። አለበለዚያ እስኪነቃ አጠገቡ ቁጭ በሉ። የሚከብደው ይኼ መሰለኝ።

መገናኛ ያን ቀን ቁጭ ያለው አንድ ሰው ነበር። ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጥ ልጅ፣ አሥራ አራት ቢሆነው ነው። ክብሪት የያዙትን «አትንኳት!» ብሎ ተቆጣ፣ ጃኬቱን አውልቆ ራሷ ሥር አደረገ፣ በጎኗ አዞራት። ማን እንዳስተማረው ብጠይቀው «እናቴን ይጥላታል» አለኝ።

ልጅቷ ነቃች። ዙሪያዋን አየች። መጀመሪያ የጠየቀችው ጫማዋን ነው። ልጁ አምጥቶ አደረገላት። የተገተረውን ሰው ቀና ብላ አላየችም፣ ቀሚሷን አራገፈች። ታክሲው በዚያው ቅጽበት መጣና ሰልፉ መልሶ ተሠራ። ቦታዋን ማንም አልጠበቀላትም። ሄዳ መጨረሻ ላይ ቆመች። እኔ ተራዬ ደርሶ ነበር፤ ገባሁ።