ወረቀቱን ሰጥተው ዝም አሏት
ጉበትን ስለሚጎዳው ቫይረስ፣ ስለ ሄፓታይተስ ቢ፣ ያነበብኩት ጽሑፍ «አፍሪካ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች አያውቁትም» ይላል። ልክ ነው። ደሴ ላይ የምናየውም ይኸው ነው። የእህቴ ልጅ እንዳለባት ያወቀችው ሳዑዲ ልትሄድ ስትመረመር ነው። ምንም አያማትም ነበር። «አንፊት ነሽ»፣ ማለትም ጤናሽ ለጉዞው አይፈቅድም፣ ብለው ወረቀቱን ሰጧት፣ በቃ። ቀጥላ የት እንደምትሄድ የነገራት የለም። ቤት ስትመጣ ዘመዱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ ናት» እያለ ሥራ ሥር ሊያጠጣት ተነሣ። እባካችሁ፣ ለተጎዳ ጉበት ሥራ ሥሩ ራሱ መርዝ ሊሆን ይችላል። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሰሃኗን የለዩባት ቀን ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። በጉርሻ አይተላለፍም! ከጽሑፉ ሥር «መድኃኒት ከሌለው መመርመሩ ምን ይጠቅማል?» ላልከው ወንድሜ፦ ጨርሶ የሚነቅለው የለም እንጂ አፍኖ የሚይዘውማ አለ። ቴኖፎቪር በቀን አንድ ክኒን ነው። ሁሉም ሰው ወዲያው አይጀምረውም፣ ክትትል ግን የግድ ነው። ካልሆነ ጉበት ጠባሳ ይይዛል፣ ወደ ካንሰርም ሊሄድ ይችላል። ሌላው ዓይነት፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ ደግሞ በ3 ወር ገደማ ሕክምና የሚድን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2024 ሪፖርት እንደሚለው ከአዲስ የሄፓታይተስ ቢ ተያዦች 63 በመቶው በአፍሪካ ቀጠና ናቸው። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የሚከተበው የቀጠናው ሕፃን ደግሞ 18 በመቶ ብቻ ነው። እኛ አገር ለዓመታት ክትባቱ ሲጀመር የኖረው በ6ኛው ሳምንት ነው። የእህቴ ልጅ አሁን ነፍሰ ጡር ናት። ያቺን የመጀመሪያ ቀን ክትባት ለሚወለደው ልጇ ከወዲሁ እየጠየቅን ነው።